እንቁላሉ ስንት አገኘ?

ቅጹ የመጣው ከባንክ ነው። ባሕር ዳር ላይ የጣና ሐይቅ አሳ ገዝቶ፣ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ለአዲስ ማቀዝቀዣ ክፍል ብድር ጠይቀን ነበር። ባንኩ ደግሞ ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት የዘላቂነት ስጋቶቻችንን፣ ማለትም ሥራችን ወደፊት እንዳይቀጥል ሊያደርጉ የሚችሉ ነገሮችን፣ ገምግመን እንድንልክለት ጠየቀ። የጥራት ኃላፊ ስለነበርኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። 2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው።

አሠራሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስጋቱን ትጽፋለህ። የመከሰት ዕድሉን ከ1 እስከ 5 ትሰጠዋለህ። ቢከሰት የሚያደርሰውን ጉዳትም እንደዚሁ። ሁለቱን ታባዛለህ። ከ15 ጀምሮ ያለው ቀይ ይሆናል፣ ከ8 በታች አረንጓዴ፣ በመሃል ያለው ቢጫ። ለቀዩ ዕቅድ ይወጣለታል፣ ተጠያቂ ሰው ይመደብለታል። አረንጓዴው እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ቢሮ ቁጭ ብዬ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። እምቦጭ። የመብራት መቆራረጥ። የናፍጣ ዋጋ። የውጭ ምንዛሪ። የሐይቁ መጠን መውረድ። እምቦጩ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ስሙ የማይነሳበት ስብሰባ የለም። የሐይቁን መጠንም ዝናብ ብቻውን የሚወስነው ጊዜ አልፏል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ በር ያለው ግድብ አለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። አንድም ሰው አላነጋገርኩም።

ቅጹ ታች ላይ «ከየትኞቹ ሠራተኞች ጋር ተመካከራችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ባዶ መተው አልፈለግሁም። በማግስቱ ጠዋት ፊሌቶ (ከአጥንቱ የተለየ የአሳ ሥጋ) ወደሚወጣበት ሼድ ወረድኩ።

እዚያ አንድ እናት አሉ። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ድርጅቱ ሳይቋቋም ጀምሮ አሳ ሲከፍቱ የኖሩ ናቸው። አባታቸው በደንገል ታንኳ ያጠምዱ ነበር። የናይለን መረብና ባለሞተር ጀልባ ጣና ላይ የገባው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እሳቸው ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም ከዚያ በኋላ የመጣውንም ያውቃሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለወደፊቱ ይሄን ሥራ ሊያስቆመን የሚችል ነገር ምንድን ነው ይላሉ?»

አልመለሱልኝም። ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ አጠገባቸው ያለውን ባልዲ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ባልዲው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። የአሳ እንቁላል ነው። ቢጫ፣ እርጥብ፣ አንድ ላይ የተጣበቀ። ፍሬው ከዳጉሳ ብዙም አይበልጥም። እያየሁ ሌላ ነጭ አሳ አነሱ። ሆዱን ከላይ እስከ ታች ሲሰነጥቁት ሁለት ረጃጅም ከረጢቶች ተንሸራተው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ባልዲው ውስጥ ጨመሯቸው።

«ይሄ ሁለተኛው ነው» አሉኝ። «የመጀመሪያውን ለፔሊካኖቹ ደፍተነዋል።»

«ሁሌም እንዲህ ነው?»

«በክረምት ነው እንጂ። አጥማጆቹ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ነው የሚጠብቁት። ሊወልድ ሲሄድ።» ከዚያ ጠረጴዛውን በቢላዋው እጀታ መታ መታ አደረጉት። «እኔ ቁጥር አላውቅም፤ የማውቀው ይሄን ጣውላ ነው። ድሮ ነጩ አሳ እዚህ ሲተኛ ጅራቱ ከጫፍ ያልፍ ነበር። አሁን ሁለቱን በቁመት አስተኝቼ ቦታ ይተርፈኛል።»

ጣውላው ላይ የቢላዋ ምልክቶች አሉ። አንገት የሚቆረጥበትና ጅራት የሚቆረጥበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያሳዝናል። አሮጌዎቹ ጭረቶች ወደ ጣውላው ዳርና ዳር ናቸው። አዲሶቹ መሃል ላይ ተጠጋግተዋል። አራት ዓመት በዚያ ሼድ ሳልፍ ሳገድም አንድ ቀን አላየኋቸውም።

ጣናን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። ከእነሱ በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ለዚህ ነው በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰቡት። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው ሌላ ጊዜ ሐይቁን ዞሮ የማያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ቀረሶ የሚባለው ሌላው የጣና አሳ እንዲህ አይደለም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው። ነጩ አሳ እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ለመውለድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ቁጥሩ በብዙ እየቀነሰ መሆኑን ተመራማሪዎች የጻፉት ገና በ1990ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በጾም አሳ የሚበላው ደንበኛ ብዙ ነው፤ የአዲስ አበባ ሆቴሎች በየቀኑ ይደውላሉ። የእኛ የሽያጭ ዕቅድ ከፍ የሚለውና አሳው ለመውለድ ወደ ወንዝ የሚወጣው በዚያው በአንዱ ወር ነው። ማቀዝቀዣ ክፍሉን የፈለግነውም ለዚሁ ነበር። በክረምት በርካሽ ገዝቶ ለመሙላት።

ቢሮ ተመልሼ 9ኛውን ስጋት ጻፍኩ። «በመራቢያ ወቅት ከወንዝ አፍ የሚመጣ ነጭ አሳ መግዛታችን።» ዕድል 5። ጉዳት 5። ሲባዛ 25።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። አምስት ሆነን ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ፣ የግዢ፣ የሽያጭ ኃላፊዎችና እኔ። እምቦጩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 25 አገኘ። ማንም አልተከራከረም። መብራት 20 ተሰጠው። የውጭ ምንዛሪ 20። እየተሳሳቅን፣ ቡና እየጠጣን ነው የሄድነው። 9ኛው ጋ ስንደርስ የግዢ ኃላፊው ስኒውን አስቀመጠ።

«ይሄ ስጋት አይደለም» አለ። «ይሄ ሥራችን ነው።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። በቁጣ አልተናገረም። እኔ ከልቤ የምናገረውን ያህል እሱም ከልቡ ነው የተናገረው።

«ሥራችን መሆኑ ስጋት ከመሆን ያድነዋል?» አልኩት።

«እንዴ! እምቦጭ ከውጭ የመጣብን ነገር ነው። መብራትም እንደዛው። ይሄ ግን እኔ ፈርሜ የማስገባው ዕቃ ነው። ፈርሜ ያስገባሁትን ስጋት ነው ብለህ ለባንክ ልትጽፍ ነው?»

«አዎ። ልትፈርምበት የምትችለው እኮ ከሦስት ዓመት በኋላም አሳው ካለ ነው።»

«አጥማጁ እኔ ነኝ? እኛ ባንገዛው ነገ ሌላው ይገዛዋል። አሳው ይተርፋል ብለህ ነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅን፣ ቁጥር 315/1995ን ጠቀስኩ። ዓላማው ሀብቱ ከመጠን በላይ እንዳይጠመድ መከላከልም ጭምር መሆኑን ተናገርኩ። የጣውላውን ጭረት ነገርኳቸው። የሽያጭ ኃላፊዋ «በጣውላ ለባንክ ይቀርባል?» አለች። ሥራ አስኪያጃችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባንኩ ይሄን 25 አይቶ ብድሩን ይሰጠናል?»

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔ አውቃለሁ። አይሰጥም። የአርባ ሰው እንጀራ ነው። ትንሽ አስተካክለው።»

ዕድል 2 አደረግሁት። ጉዳት 3። 6 መጣ። ሳጥኑ በራሱ አረንጓዴ ሆነ። ማንም እጄን አልያዘኝም። ላፕቶፑ እኔ ፊት ነው የነበረው፤ ቁጥሩን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው። የግዢ ኃላፊው ቢያንስ ያመነበትን ነው የተናገረው። እኔ ያላመንኩበትን ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ።

ሰኞ ሼድ ውስጥ ሳልፍ እትዬ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እንቁላሉ ስንት አገኘ?»

«6።»

«ከስንት?»

«ከ25።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚሰድቡኝ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ብድሩ ተፈቀደ። ማቀዝቀዣው ተገጠመ። እኔ ግን ቅጹን አትሜ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበርና አንዳንዴ አወጣዋለሁ። ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ቀይ የተቀባው በሙሉ ከውጭ የሚመጣብን ነው። አረም፣ መብራት፣ ዋጋ፣ ዝናብ። እኛ የምናደርገው ነገር በሙሉ አረንጓዴ ነው። የአሳ ተረፈ ምርቱን ሐይቅ ዳር መድፋታችን አረንጓዴ። የምንገዛው አሳ መጠን ሲያንስ አለመለካታችን አረንጓዴ። ቁጥሩን የምንሰጠው እኛ፣ የሚጠየቀውም እኛ ስለሆንን ራሳችን ላይ እጃችን አይጨክንም።

በፈረንጆች ሰኔ 2023 አይኤፍአርኤስ ኤስ 1 የሚባለው ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ሪፖርት መስፈርት ወጣ። ያነበብኩት ለሥራ ነው። አንድ ድርጅት ስጋቱ የሚመነጨው ከሚመካባቸው ሀብቶች ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ሀብቶች ላይ ራሱ ከሚያደርሰው ተጽዕኖም ጭምር መሆኑን ይናገራል። ሳነበው ባልዲው ነው የታየኝ። እትዬ ያን በእግራቸው ገፍተው አሳይተውኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ባንኩ ግምገማው እንዲታደስ ጠየቀ። በዚህኛው ጊዜ ከቢሮ አልጀመርኩም። የጥሬ አሳ መረከቢያ መዝገቦችን አወጣሁ። ኪሎና የአሳ ብዛት ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ማካፈል ብቻ ነው የሚፈልገው። የአንዱ ነጭ አሳ አማካይ ክብደት ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው። ከዚያ የግዢ ኃላፊውን ይዤው ወደ ሼድ ወረድኩ። ጣውላውን በሜትር ለካን። እሱ ራሱ ነው ሜትሩን የያዘው። ብዙም አልተናገረም።

ስብሰባው ላይ 9ኛው ስጋት 20 አገኘ። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ከወንዝ አፍ የሚመጣ ነጭ አሳ እንዳንገዛ ተስማማን። ፍልሰታን በሌሎቹ አሳዎች፣ በቀረሶና በአምባዛ፣ እንሸፍናለን።

ያን ክረምት ሁለት ደንበኞች ጥለውን ሄዱ። የነጋዴው አይሱዙ ደግሞ ነጩን አሳ እንደጫነ በራችንን አልፎ ወደ ሌላ ገዢ ሄደ። የግዢ ኃላፊው መስኮቱ ጋ ቆሞ አየውና «አልነገርኩህም?» አለኝ። ነግሮኛል። ያለውም ሆኗል። የጉማራ አፍ መረብ በእኛ ውሳኔ አልተነሳም፤ ለዚያ የሁሉም ገዢ ስምምነትና የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። እሱን ከሌሎች ገዢዎች ጋር ለመነጋገር ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሁለት ገዢዎች መልሰውልኛል።

ነጭ አሳው አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ከቀረሶው ጋር ተደባልቆ የሚመጣ አለ። ስለዚህ መረከቢያ መዝገቡ ላይ «እንቁላል የያዘ» የሚል አምድ ጨመርኩ። እትዬ አንዱን በከፈቱ ቁጥር የሼዱ ምሰሶ ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራሉ። ማታ ማታ ወርጄ ቆጥሬ እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ እሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ያጠፉታል።

ትናንት 14 ነበር። ዛሬ ስወርድ እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

«ስንት ነው፣ እትዬ?»

«ቁጠረው እንጂ፣ እዚያው አለልህ።»

ቆጠርኩ። 9። ጻፍኩት።