ደንገጎ ላይ የፈላው ራዲያተር

ድሬዳዋ ሥራ የጀመርኩት በስምሪት ሠራተኛነት ነው። ከአዲስ አበባ ከሄድኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አንድ የሐረር ደንበኛ ሴራሚክ አዘዘን። ካርታ ከፈትኩ። ድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሂሳቡ ቀለለኝ። አንድ ሰዓት መሄጃ፣ አንድ ሰዓት መመለሻ፣ ማራገፊያም ተጨምሮ በቀን ሁለት ምልልስ። ይባስ ብዬ አይሱዙው ላይ ከልኩ በላይ 15 ኩንታል አስጫንኩበት።

ሾፌሩ ወረቀቱን አየና "ደንገጎን ታውቀዋለህ?" አለኝ።

"ካርታ ላይ አይቼዋለሁ ጋሼ።"

"እሱማ ካርታ ላይ ሜዳ ነው" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ነገሩ ከንክኖኝ እኔም ጋቢና ገባሁ።

ከከተማው ወጥተን ብዙ ሳንቆይ የደንገጎ ዳገት ጀመረን። አንዱን ኩርባ ጨረስን ስንል ሌላው ይጠብቀናል። ከላይ ጫት የጫኑ ፒካፖች ቁልቁል እየተወረወሩ ያልፉናል። እኛ አንደኛ ማርሽ ላይ እያቃሰትን ነው። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ራዲያተሩ ፈላ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ። ሐረር ያለው ደንበኛ ሲደውልልኝ "እየደረስን ነው" አልኩት። ውሸቴን ነው።

ሞተሩ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን። ሾፌሩ የድሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሠሩት። ከታች ሙቀት ውስጥ የምትታየውን ከተማ በእጁ እያሳየኝ "ባቡሩ ለምን ሐረር ያልገባ ይመስልሃል?" አለኝ።

እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም። ያን ቀን የነገረኝን፣ በኋላ ካነበብኩት ጋር ቀላቅዬ ልንገራችሁ።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ በሦስት የተከፈለ ነበር። መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ በካፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ። ወረቀቱ ላይ ሐረር አለች። እንዴት አትኖር? በግንብ የታጠረች የታወቀች የንግድ ከተማ ናት፤ የአካባቢው ቡናና ቆዳ በእሷ በኩል ነበር ወደ ባሕር የሚወርደው።

ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከተራራው ሥር ያለው ቆላ 1,200 ቢሆን ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እንደ ላስቲክ መሬት አይቆነጥጥም፤ ዳገቱ ትንሽ ሲበረታ የሚጎትተው ጭነት ወዲያው ይቀንሳል። ዳገቱን ለማለዘብ ደግሞ መስመሩን ማጠማዘዝ፣ ዋሻ መቆፈር፣ ድልድይ መገንባት ያስፈልጋል። መስመሩን የሚሠራው ኩባንያ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሐረርን ላይ ትተው በተራራው ግርጌ ለማለፍ ወሰኑ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። ቦታውን "አዲስ ሐረር" አሉት። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ አሸነፈች።

"የአንተም ወረቀት ሐረር ይላል፣ የእነሱም ሐረር ይላል" አለኝ ሾፌሩ። "እነሱ ግን ሳይጭኑ በፊት ተራራውን አይተውታል።" ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ከደጋ የወረደው ቡና ደግሞ ከእንስሳ ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ይገባል። ዕቃ የሚወርድበት ቦታ መጋዘን ይፈልጋል። መጋዘኑ ዘበኛ፣ ጉምሩክ፣ ተሸካሚና ደላላ ያመጣል። እነሱ ሁሉ ይበላሉ፣ ያድራሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ድሬን ይበልጥ የጠቀማት የባቡሩ መምጣት ሳይሆን እዚያ መቆሙ ነው። ሳይቆም ቢያልፍ ኖሮ እንደ ብዙዎቹ ትናንሽ ጣቢያዎች ውኃ መቅጃ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

"ያ በዛፍ የተሸፈነው፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው ከዚራ ነው" አለኝ እየጠቆመ። ፈረንሳዮቹ በፕላን የሠሩት፣ የምድር ባቡር ሰፈር። "ከደቻቱ ወዲያ ያለው መጋላ። እሱን ነጋዴው እንደመጣለት ሠራው።" የትኛው እንደሚሻል ስጠይቀው ሳቀ። ገበያውን ከወደዱ መጋላ፣ ጥላውን ከወደዱ ከዚራ። ስለ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ግን ሲያነሳ ፊቱ ተቀየረ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱ አልተዋጠለትም።

ሞተሩ ሲበርድ ከታች ፒካፕ አስጠርተን ትርፉን 15 ኩንታል እዚያው መንገድ ዳር አዛወርን። አራግፈን የጫንነው እኔና ረዳቱ ነን። ሸሚዜ ሲሚንቶ ፋብሪካ የዋለ መሰለ። ሐረር ስንደርስ ደንበኛው ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ነበር። የፒካፑ ሂሳብ ከደመወዜ ተቆረጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሐረር ጉዞ አዲስ ስምሪት አዘጋጀሁ። ጭነቱን ቀነስኩ፣ መውጫውን ማለዳ አደረግሁ፣ ለመንገዱ ብቻ አራት ሰዓት መደብኩ። ሾፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

"አቦ፣ ይሄ እኮ የግመል ሰዓት ነው!" አለና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ።