ቁልቁለቱና ጉልበቴ

ዛሬ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግር ወረድኩ። ሰውን የሚጥለው ዳገት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው።

ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠጠሩ ላይ ተንሸራተትኩ። እግሬ ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ቀረና ሰውነቴ ብቻ ዞረ። ያን ጊዜ በጣም ደነገጥኩ። ደግነቱ ቶሎ ቁጭ አልኩ።

ከኋላዬ አህያ እየነዱ የሚወርዱ አባት ደረሱብኝ። «ልጄ፣ እግርህን አታግትረው። ጉልበትህን አጠፍ፣ እርምጃህን አጠር አድርግ» አሉኝና ዱላቸውን ሰጡኝ። የወይራ ዱላ ነው፤ መያዣው እጅ ብዛት አልስልሶት ያብረቀርቃል።

ምክራቸው ልክ ነው። ስንወርድ እንደ ፍሬን የሚይዘን የጭናችን የፊት ጡንቻ ነው። እሱ ሲዝል ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። የጉልበትን ጅማት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መጠምዘዝ ነው። በውጭ አገር በረዶ ላይ በስኪ፣ ማለትም ከጫማ ሥር በሚታሰር ረጅም ቀጭን ሰሌዳ፣ የሚንሸራተቱ ሰዎችም ፈተናቸው ይኸው ነው፤ ረጅሙ ስኪ እግርን ይዞ ያዞረዋል። ለዚህ ነው ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ሲወድቁ እንዲለቅ ሆኖ የሚሠራው። ድንጋይ ግን አይለቅም!

አንኮበር ለመሄድ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ ከሳምንታት በፊት ቁጭ ብድግ መሥራት ጀምሩ። ደረጃ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ዱላ ያዙ። ጉልበታችሁ «ቋ» ብሎ ካበጠ ደግሞ በወጌሻ አታሳሹት፣ ሐኪም ይየው።

እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ገብቼ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅያለሁ። አላበጠም፣ ተመስገን።