ምች፣ ውጋትና የዓይን ብዥታ፦ በሦስት ስም የተጠራው አንዱ ሕመም

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች፣ መንዝ ውስጥ ገብስ በሚወቃበት በታኅሣሥ ወር፣ አውድማ ውላ ስትመለስ ራሷን ክፉኛ አመማት። የፀሐይ ምች ነው ተባለና ከጎረቤት የመጣ ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ጠጣች። በማግስቱ ከጎድን አጥንቷ ሥር በቀኝ በኩል ቀስፎ ሲይዛት ውጋት ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ብዥ ሲልባት ደግሞ የምድጃው ጭስ ነው ተባለ። ፊቷና እጆቿ ማበጣቸውን እንኳ የሚያዩዋት ሁሉ «እርግዝናው ተስማምቷታል» እያሉ በደግ ይተረጉሙት ነበር። እኔም ደብረ ብርሃን ሆኜ ይህን ሁሉ በስልክ ስሰማ «ተሸፋፍነሽ ተኚ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአራተኛው ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤቱ ጎራ ብላ ስታያት አንዲት ሌሊት እንድታድር አልፈቀደችም። ጤና ጣቢያ ስትደርስ የደም ግፊቷ 170 በ110 ነበር፤ በሽንቷም ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። አዋላጅ ነርሷ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት በደም ሥሯና በሁለቱም መቀመጫዎቿ ወግታ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ላከቻት።

እኔ በሆስፒታል ኮሪደር ቆሜ ከሐኪሞቹ የተረዳሁት ምቹም፣ ውጋቱም፣ ብዥታውም አንድ ሕመም መሆናቸውን ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና ከዚሁ ጋር ፕሮቲን በሽንት ሲወጣ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጎልና ደም መጎዳታቸው ሲታይ ሕመሙ አለ ማለት ነው። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ከማህፀን ጋር በሚገባ ሳይያያዙ ሲቀሩ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቀቁት ንጥረ ነገሮች የመላ ሰውነቷን የደም ሥሮች ያውካሉ። ራስ ምታቱ ከአንጎል፣ ከጎድን ሥር ያለው ሕመም ከጉበት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል እንጂ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ሕመሙ የሚሽረው ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ነው።

እህቴ ክትትል አልጀመረችም አይባልም። በአምስተኛ ወሯ ሄዳ ተለክታ ደህና ነሽ ተብላለች፤ ከዚያ በኋላ አጨዳው ደረሰና ቀረች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ያወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን 5ቱ ከ30ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሉ ናቸው። የኋለኞቹ የተበራከቱት ይህን የመሰሉ ሕመሞች በብዛት የሚታዩት ያኔ በመሆኑ ነው። የአምስተኛው ወር ልኬት ስለ ስምንተኛው ወር ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል በእኛ አገር እርግዝና ሳይገፋ አይነገርም የሚለው ልማድ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያስቀራል። ቀድሞ ሕመሙ ያጋጠማት፣ መንታ ያረገዘች፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የቆየ የደም ግፊት ያለባት ሴት ከ20ኛው ሳምንት በፊት በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ አስፒሪን፣ በቀን 75 ሚሊግራም፣ ብትጀምር ሕመሙ የመምጣቱ ዕድል ይቀንሳል፤ ዘግይቶ የታወቀ እርግዝና ግን ይህን ዕድል ያጣል። ለግፊት ኤናላፕሪል የምትወስድ ሴትም ፅንሱን ስለሚጎዳ እንዳረገዘች ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል።

ስለዚያ መርፌ ጥቂት ልጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ይፋ የሆነ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ሲከፋ የሚያስከትለው የሚጥልና የሚያንቀጠቅጥ ሕመም (ኤክላምፕሲያ) የመነሣቱን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲወጋ ሰውነትን በሙቀት ያጥለቀልቃል፤ እህቴ «እትዬ፣ ነደድኩ» ስትለኝ ደንግጬ ነበር፤ ነርሷ ግን የተለመደ መሆኑን ነግራኝ ጉልበቷ ቀስ ተደርጎ ሲመታ የሚሰጠውን ምላሽ፣ አተነፋፈሷንና የሽንቷን መጠን በየጊዜው ትመለከት ነበር።

ነፍሰ ጡር ሴትን ቤት ውስጥ ቢያንቀጠቅጣት ብዙዎቻችን ልክፍት ነው ብለን ክብሪት እናሸታለን፣ ማንኪያም በጥርሷ መካከል እናስገባለን። ሁለቱም ይጎዳሉ። በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳያስገቡ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው የሚያስፈልገው።

እህቴ በዚያው ሌሊት ወለደች፤ ልጁ 2.1 ኪሎ ነበር። እኛም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን እፎይ አልን። ሐኪሞቹ ግን ግፊቷን በየሰዓቱ መለካታቸውን አላቆሙም፤ ሕመሙ ከወሊድ በኋላም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አልፎ አልፎም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላልና። ወንድ የወለደች አራስ እስከ ክርስትናው ከቤት የማትወጣበት አርባ ቀንና ይህ ጊዜ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ራሷን የሚያማት ወይም ዓይኗ የሚፈዝባት አራስ ክርስትናው እስኪደርስ ልትጠብቅ አይገባትም።

አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። በሁለተኛ ወሯ ነገረችኝ፤ አስፒሪኑንም ከ12ኛው ሳምንት ጀምራለች። ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትነግረኝ የዕለቱን ልኬት ነው፤ ባለፈው ሳምንት 110 በ70 ነበር። መውለጃዋ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ እንድትሰነብት ተስማምተናል፤ የመጀመሪያ ጊዜ ዳማከሴውን የጨመቁላት አማቷም የገንፎውን ዱቄት እዚያው ድረስ ራሳቸው ይዘው እንደሚሄዱ ነግረውኛል።