«ደህና ነኝ» ያልኩበት ምርመራ

ለአካል ጉዳት ክፍያ ጤናዬን የሚመረምረው ሰው «እንዴት ነህ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት፣ እንዳደግንበት። እሱ ግን ያልኩትን ጻፈው።

በዲቪ አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው ሠራዊቱን የተቀላቀልኩት። ልምምድ ላይ ከጭነት መኪና ወድቄ ወገቤን ተጎዳሁ። በአከርካሪ አጥንቶቼ መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ተጫነ። ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ የሚወርድ ማቃጠል ያዘኝ፤ ሲመሽ ይብሳል።

ከሠራዊቱ ስወጣ ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (VA) የአካል ጉዳት ክፍያ ጠየቅሁ። ከምርመራው በኋላ የመጣው መልስ የጉዳቴ መጠን ለወገብ 10 በመቶ፣ ለእግር ምንም የሚል ነበር። ደብዳቤውን ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ምክንያቱን ቃል በቃል አነበብኩት። ስለ እግሬ ምንም እንዳላነሳሁ ይላል። እውነት ነው፣ አላነሳሁም። ጎንበስ በል ስባልም ህመሙ ሲጀምረኝ ማቆም ሲገባኝ ጥርሴን ነክሼ ወርጃለሁ። ህመምን መደበቅ ለእኛ ጨዋነት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ያልተነገረ ህመም እንደሌለ ይቆጠራል።

የወገብ ነገር የሚወሰነው በዲግሪ ነው። ወደ ፊት የምታጎነብሰው ከ60 በላይ እስከ 85 ከሆነ 10 በመቶ፣ ከ30 በላይ እስከ 60 ከሆነ 20፣ 30 እና ከዚያ በታች ከሆነ 40 ነው። ነርቩ ደግሞ ለብቻው ይመዘናል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከወገብ ወደ እግር በሚወርደው ሲያቲክ ነርቭ ላይ ቀላል የሚባለው 10፣ መካከለኛው 20 ነው፤ ከዚያም በላይ አለ። መደንዘዝና ማቃጠል ብቻ ከሆነ ግን ደንቡ ከመካከለኛ አያሳልፍም። እግርህ የሚከዳህ ከሆነ እሱንም ተናገር።

በውሳኔው ካልተስማማህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ፋይሉን ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ነው፤ አዲስ ማስረጃ ግን አይቀበልም። ሌላው አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና ማመልከት ነው። ሦስተኛው ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ ነው። የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ማኅበራት በነጻ የሚረዱ ወኪሎች አሏቸው። የእኔዋ ፋይሌን አይታ ሁለተኛውን መረጠችልኝ። ቅጹ 20-0995 ይባላል።

የእግሬን ነርቭ በኤሌክትሪክ ተመረመርኩ። ሐኪሜ የእግሬ ችግር ከወገቤ የመጣ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ እኩል በእኩል መሆኑን ከነምክንያቱ ጻፈልኝ። ያለ ምክንያት የሚጻፍ አስተያየት ብዙም ክብደት የለውም።

ከሁሉም የከበደኝ የባለቤቴ ደብዳቤ ነው። ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እሷ እንደሆነች ጻፈች። ሌሊት ሦስቴ ተነስቼ ሳሎን ውስጥ እንደምንቆራጠጥ፣ ልጃችንን ማቀፍ እንደተውኩ ጻፈች። ስታነብልኝ አለቀስኩ። የተኛች ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ምርመራ ህመሙ ሲጀምረኝ ቆምኩ። መርማሪዋ በመለኪያ ለካችኝ፤ 50 ዲግሪ ሆነ። የሚብስብኝ ጊዜ በወር ስንት ቀን እንደሆነና ያኔ ምን እንደሚያቅተኝ ከማስታወሻዬ አነበብኩላት።

ወገቤ 20፣ ግራ እግሬ 20 ሆነ። ሁለተኛው 20 የሚሰላው ከቀሪው 80 ላይ ስለሆነ ድምሩ 36 ይመጣል፣ ወደ 40 ይጠጋጋል። በ1 ዓመት ውስጥ ስላመለከትኩ ክፍያው ከመጀመሪያው ማመልከቻዬ ቀን ጀምሮ ታሰበልኝ። ዓመቱ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው፤ ፖስታውን ከከፈትክበት ቀን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ቀኝ እግሬም መንዘር ጀመረው። ሐኪሜ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ መጀመሪያ የነገርኩት እሱን ነው።