አራተኛው ወንበር

በቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ስለ ታንኳ ቀዘፋ ማስታወሻ ሲጽፍ አንባቢ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከእኛ ሰፈር የተነሣ ሰው ለመቅዘፍ የሚበቃ ውኃ ለማግኘት ቢሾፍቱ ድረስ መሄድ ግድ ይለዋል። እኔም ቡድኑን የተቀላቀልሁት ሐይቅ ዳር ሳይሆን እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ግቢ ጀርባ ነው። በሥራ ቀናት አመሻሽ ላይ ስድስት ሆነን በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊትና ኋላ ተደርድረን እንቀመጥና መቅዘፊያ ይዘን አየር እንቀዝፋለን። የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ተሰብስበው ሲስቁብን አልከፋኝም፤ በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

ታንኳችን ጣና ላይ ከደንገል እንደሚሠራው አይደለም፤ በቢሾፍቱ መዝናኛዎች የሚከራየውንም ጀልባ አይመስልም። ገላው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ብቻውን ውኃ ላይ ቢያስቀምጡት ይገለበጣል፤ ስለዚህ በግራ ጎኑ፣ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች የተያያዘ ቀጭን ተንሳፋፊ አለው። የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝቦች በእንዲህ ያለ ብልኃት ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገሩ ኖረዋል፤ በሃዋይና በታሂቲም ቀዘፋው እስከ ዛሬ ትልቅ ስፖርት ነው። ቡድናችንን ያቋቋመው ሰው በሃዋይዋ ከተማ ሆኖሉሉ ለዓመታት ኖሮ የተመለሰ ሲሆን፣ ታንኳውን ከፋይበር ግላስ ያሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በሃዋይ ለውድድር የሚቀርቡት ባለ ስድስት ሰው ታንኳዎች 13 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የእኛው ከዚያ ያጥራል፣ መልኩም እንደነዚያ ያማረ አይደለም፤ ግን ይንሳፈፋል።

ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ታንኳው ሳይሆን ወንበሮቹ ናቸው። እያንዳንዱ ወንበር ቍጥርና የራሱ ሥራ አለው። አንደኛው የቀዘፋውን ፍጥነት ይወስናል፤ ሁለተኛው ያንኑ ምት በሌላው ጎን ይዞ ከኋላ ላሉት ያስተላልፋል፤ በእኛ ታንኳ ሦስተኛው እየቈጠረ መቅዘፊያውን ከጎን ወደ ጎን የምንቀይርበትን ጊዜ በጩኸት ያስታውቃል፤ አምስተኛው ወደ ውስጥ የገባውን ውኃ ይቀዳል፣ መሪውንም ይረዳል፤ ስድስተኛው መሪ ነው። እኔ የምቀመጥበት አራተኛው፣ ከሦስተኛው ጋር ሆኖ ከጉልበት በቀር ብዙ አይጠየቅም። በምክትል ርእሰ መምህርነት ለዓመታት ሌላውን ሳዝ ለኖርሁት ለእኔ፣ ከፊቴ ያለውን ሰው ትከሻ እያዩ ያንኑ ከመድገም ሌላ ምንም የማይጠበቅበት ቦታ ማግኘት ያልጠበቅሁት ዕረፍት ሆነልኝ።

መሪያችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ብዙ ያልቈየ ወጣት ነው። ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። መሬት ላይ ይህ ወጣት ጋሼን ቀና ብሎ አያያቸውም፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ዘግይተዋል» ለማለት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አንድ ሙሉ ልምምድ ያልቃል። ታንኳው ውስጥ ግን ለይቅርታ የሚሆን ጊዜ የለም። ስለዚህ በስም መጥራት ቀረና በወንበር ቍጥር ሆነ፤ «ሦስት፣ ጊዜ!» ይላል፣ «አራት፣ ጥልቀት!» ይላል። ጋሼ ሦስት ናቸው እንጂ ጋሼ አይደሉም፤ እኔም አራት ነኝ እንጂ እትዬ አይደለሁም። አንተ ልበል ወይስ እርስዎ የሚለው ጭንቀት በዚህ መንገድ ሲቀር ጋሼ ቅር የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ከሁላችንም በላይ የወደዱት ይመስለኛል፤ ቤታቸው ውስጥ ደፍሮ የሚያርማቸው ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ጉልበትን በሚመለከት ያሰብሁት ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። የሚቀዝፈው ክንድ ሳይሆን ወገብ ነው፤ ከወገብ ዞሮ ወደ ፊት መድረስ፣ የመቅዘፊያውን ምላስ ሙሉ በሙሉ ማጥለቅ፣ ከዚያም ዳሌ አጠገብ ሲደርስ ማውጣት ነው። ደግሞም አንድ ጠንካራ ሰው ከሌሎቹ ቀድሞ ቢስብ ታንኳውን ያናውጠዋል እንጂ አያፈጥነውም። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ እንደሚጠባበቁት፣ እዚህም ዋናው ነገር ከጎረቤት ምት ጋር መስማማት ነው።

ስለ ሃዋይ ከሰማሁት ሁሉ በልቤ የቀረው የሞሎካይ ውድድር ታሪክ ነው። ከሞሎካይ ደሴት እስከ ኦዋሁ 60 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ባሕር የሚቋረጥበት ይህ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር፤ ለወንዶች ብቻ። የሴቶቹ ዓመታዊ ውድድር የተጀመረው በ1979 ነው። በመካከሉ 27 ዓመት አለ። ቡድናችን ውስጥ ግማሾቻችን ሴቶች በመሆናችን ማንም እንደ ተአምር አለማየቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ ሲወዳደሩ ስለ ኖሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም ደግሞ ስድስት ሰው መሙላት ስለሚያስቸግር ብቻ ይሆናል።

ቅዳሜ ማለዳ በኮንትራት ሚኒባስ ቢሾፍቱ ወዳለው ባቦጋያ እንወርዳለን። ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ልጄ፣ ከውኃ ጋር ምን አጣላሽ?» አለችኝ። ደጋ ላይ ለኖረ ሰው ውኃ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበት ወይም በክረምት ሰው የሚወስድ ነገር ነው፤ ለደስታ የሚገቡበት መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ተውሁት።

ፍርሃቷ ግን መሠረት የሌለው አይደለም፤ ታንኳው ይገለበጣልና። ተንሳፋፊው በግራ በኩል ስላለ፣ ወደ ቀኝ አብዝቶ ያዘነበለ ሰው ተንሳፋፊውን ከውኃው ያነሣዋል፤ አንዴ ከተነሣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰን፣ ዳር አጠገብ፣ ሆን ብለን እየገለበጥን እንለማመዳለን። ከውኃው ብቅ እንዳልን የመጀመሪያው ሥራ ታንኳውን መያዝ ሳይሆን መቈጠር ነው። ከአንድ ጀምሮ ሁሉም የየራሱን ቍጥር ይጠራል። የመጀመሪያው ቀን ውኃው አፍንጫዬ ገብቶ ሳስል፣ ጋሼ «ሦስት!» ብለው ከጮኹ በኋላ ዝም ተባለ፤ የሚጠበቀው የእኔ ድምፅ ነበር። «አራት!» ስል «አምስት» ተከተለኝ። በትምህርት ቤት ስም ስጠራ «አቤት» የሚሉኝ ልጆች አንዳንዴ ለምን በዚያ ኃይል እንደሚጮኹ ያን ዕለት ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ተንሳፋፊውን ከሥር ወደ ላይ ሲገፉ፣ ሌሎቹ በተገለበጠው ገላ ላይ ወጥተው አግዳሚውን እንጨት ይዘው ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ሲቃናም አፉ በተቈረጠ ጀሪካን ውኃውን እንጨልፋለን።

ስንወጣ ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐይቁ ዳር ካለችው ቡና ቤት ስንገባ መሪያችን ተሽቀዳድሞ ለጋሼ ወንበር ይስባል፣ ለእጃቸው ውኃ ያፈሳል፤ እኔንም «እትዬ፣ ከፀሐዩ ወዲህ ይሁኑ» ይለኛል። ከአንድ ሰዓት በፊት «ጊዜ!» እያለ የጮኸባቸው ሰው መሆናቸውን ማንም አያነሣም። ሒሳቡንም ዘወትር የሚከፍሉት ጋሼ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ቍጥራቸውን ሊያስታውሳቸው የሞከረ እስካሁን የለም።