የትሪው ግራ ጎን

ዛሬ ደሴ፣ ስትሮክ መቷቸው ያገገሙ አንድ አባት ለብቻቸው ምሳ ቀረበላቸው። የቀኙን ወገን ጥርግ አድርገው በሉ፤ በግራ ያለው ሽሮ አልተነካም።

«አባባ፣ አልጣፈጠዎትም እንዴ?» አለች ልጃቸው።

«ኧረ አለቀ እኮ!» አሉ ከልባቸው።

ዓይናቸው ደህና ነው። የቀኝ አንጎል ሲጎዳ አንዳንዴ አእምሮ የግራውን ወገን ልብ ማለት ይተዋል። ከሰው ጋር ሲበሉ አይታወቅም፤ ሁሉም ከፊቱ ነዋ የሚቆርሰው! ደግሞ ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ ሰው «ድነዋል» ይላል።

ትሪውን ማዞር ለዕለቱ ያበላል። ለልምምድ ግን በግራ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ አድርጎ «ቀዩን እስኪያዩ ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ» ማለት ይሻላል። መንገድ ሲሻገሩ በግራ በኩል ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ባጃጁን ላያዩት ይችላሉ። ቡና ሲፈላም እሳቱና ጀበናው በግራቸው አይሁን፣ አደራ።