ሁለት ሌሊት በላውተርብሩነን፦ የአጭር ጉዞ እቅዳችን እስካሁን የደረሰበት

ከጀርመን፣ ከሆላንድ ወይም ከጣሊያን ተነስታችሁ ቅዳሜና እሑድን የስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ለማሳለፍ ለምታስቡ፣ እስካሁን ያጠራነው እቅድ ይኸውላችሁ። የሚሸፍነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በርን ካንቶን ውስጥ ያለውን የላውተርብሩነን ሸለቆና ዙሪያውን። ሉሰርንና ሰርማት በሁለት ሌሊት አብረው አይገቡም። ይገባሉ የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ይገባሉ፤ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ባቡር ውስጥ ነው።

በእቅዱ ላይ ትልቁ ለውጥ ቀን መመደብ መቅረቱ ነው። ብዙ ሰው «ቅዳሜ ዩንግፍራውዮኽ፣ እሑድ ሙረን» ብሎ ከወር በፊት ቲኬት ይቆርጣል፤ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ተራራው ላይ ይቀመጣል። ዩንግፍራውዮኽ በባቡር የሚወጣበት ከፍተኛ ቦታ ነው፤ እዚያ 3,454 ሜትር ላይ ከ200 ፍራንክ በላይ ከፍሎ ነጭ ግድግዳ ማየት ማለት ይህ ነው። አሁን የምንሠራው በሦስት እርከን ነው፦ ታች 800 ሜትር ላይ ሸለቆው፣ መሃል ከ1,300 እስከ 2,200 ሜትር የቬንገንና የሙረን መንደሮች እና የሜንሊኸን ተራራ ጫፍ፣ ላይ ዩንግፍራውዮኽ። የትኛው እርከን ለየትኛው ቀን እንደሚሆን የሚወሰነው በዕለቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተራራዎቹን ቀጥታ ካሜራ አይቶ ነው። የስልኩን የአየር ትንበያ ብቻ አትመኑ፤ ስለ ሸለቆው እንጂ ስለ ጫፉ ብዙም አይነግራችሁም። ከጁን እስከ ኦገስት ጠዋት ጠርቶ ከቀትር በኋላ ደመና የመከመር ልማድ አለው፤ ስለዚህ ላይኛው እርከን ሁልጊዜ የጠዋት ሥራ ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ታች ጭጋግ ሞልቶ «ዛሬስ አልሆነም» ሲያሰኝ፣ ከጭጋጉ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይገኛል። ካሜራውን ሳያዩ አልጋ ላይ መቅረት በጣም የሚያስቆጨው በነዚህ ወራት ነው። ግን ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮና ኤፕሪል ላይ ብዙ ኬብል ካሮች ለጥገና ይዘጋሉ፤ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን መስመር የመዝጊያ ቀን እዩ።

መድረሻው ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ በበርን በኩል ኢንተርላከን ድረስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ ኢንተርላከን ቬስት ይቆማል፤ ከተማው እዚያ ስለሚመስል ብዙ ሰው ዘሎ ይወርዳል። አትውረዱ። የተራራ ባቡር የሚነሳው ከመጨረሻው ጣቢያ፣ ከኢንተርላከን ኦስት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ከኦስት የሚነሳው ባቡር ጽቫይሉቺነን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ከመግባታችሁ በፊት ፋርጎው ጎን ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ሕፃንና ሻንጣ ይዞ በተሳሳተው ግማሽ የገባ ሰው ግሪንደልቫልድ ደርሶ ነው የሚነቃው፤ በተለይ አንዱ ለሻንጣ ቦታ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄዶ ሌላው ፊት ከተቀመጠ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል።

ቲኬቱ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ለጎብኚ የሚሸጠው የግማሽ ዋጋ ካርድ ለአንድ ወር ያገለግላል፤ ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ ጀልባውንና አብዛኛውን ኬብል ካር በግማሽ ያደርገዋል። ዋጋው 150 ፍራንክ ገደማ ስለሆነ ሙሉ ወጪያችሁ 300 ካላለፈ አያዋጣም። ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ–ኢንተርላከን ደርሶ መልስ ብቻውን ከ130 ፍራንክ በላይ ነው፤ ዩንግፍራውዮኽ ሲጨመር የካርዱ ዋጋ ወዲያው ይመለሳል፣ ካልተጨመረ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ የምትወስኑት ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት ነው፦ የሦስቱ ቀን ትንበያ ሙሉ ዝናብ ከሆነ ካርዱን ተዉት። ለአንድ ባቡር ብቻ የሚሠራው ርካሽ ቲኬት ለመመለሻ ጥሩ ነው፤ ለመድረሻ ቀን ግን አትግዙት፣ አውሮፕላኑ ከዘገየ ቲኬቱም ይሞታል። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በቤተሰብ ካርድ በነፃ ይሄዳሉ፤ ካርዱን ግን ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ፣ ማንም አያስታውሳችሁም። ዩንግፍራውዮኽ በሰው በሚጨናነቅበት ወራት የባቡሩን መቀመጫ ለብቻው ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ካሜራውን እንዳያችሁ መጀመሪያ የምትነኩት እሱን ነው።

መሃለኛው እርከን ለገንዘቡ የሚሰጠው ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ቀን ብቻ ጥሩ አየር ካላችሁ እኛ የምንመርጠው ሙረንን ነው። መንደሩ ከሸለቆው ምዕራብ በኩል 1,638 ሜትር ላይ ነው፤ አይገር፣ ሞንኽና ዩንግፍራው የሚባሉት ሦስት ተራሮች ከፊት ለፊቱ ይደረደራሉ። ጠዋት ፀሐይዋ ከተራሮቹ ጀርባ ስለምትወጣ ፎቶው ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ግን በረዶው ላይ በቀጥታ ታርፋለች። ስለዚህ ሙረን ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከላውተርብሩነን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው ጣቢያ በኬብል ካር ወደ ግሩችአልፕ፣ ከዚያ በትንሿ ባቡር እስከ ቪንተረግ። እዚያ ውረዱና ቀሪውን በእግር ሂዱ፤ መንገዱ ሐዲዱን ተከትሎ ለጥ ያለ ነው፣ የልጅ ጋሪም ይሄድበታል፣ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ስትመለሱ በመጣችሁበት አትመለሱ፤ በመንደሩ ሌላ ጫፍ ባለው ኬብል ካር ወደ ሽተኸልበርግ ወርዳችሁ በ141 ቁጥር አውቶቡስ ላውተርብሩነን ትገባላችሁ። ሁለቱ ጣቢያዎች ከመንደሩ ሁለት ጫፍ ስለሆኑ በመካከላቸው 15 ደቂቃ ያዙ፤ የመጨረሻው ደቂቃ ሩጫ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሜንሊኸን ወደ ክላይነ ሻይደግ (የባቡር ጣቢያ ያለበት የተራራ መተላለፊያ) የሚወርደው 4.4 ኪሎ ሜትር መንገድም ቀላል ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ አይገር ሁልጊዜ ከፊታችሁ ነው። ችግሩ ነፋስ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ፎን የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲበረታ ከቬንገን የሚወጣው ኬብል ካር ይቆማል፤ በጥርሳም ሐዲድ የሚወጣው ባቡር ግን አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። ያን ቀን በባቡር ክላይነ ሻይደግ ውጡና ፍላጎታችሁ በፈቀደው መጠን ወደ ሜንሊኸን ሄዳችሁ ተመለሱ። ጁን መጀመሪያ ላይ መንገዱ ገና በረዶ ሊኖረው ይችላል።

ዝናብ ከሆነ የሸለቆው ቀን ነው፤ ይህን እንደ ቅጣት አትቁጠሩት። ትሩመልባኽ ተራራው ሆድ ውስጥ የሚወርዱ አሥር ፏፏቴዎች ናቸው፤ የአይገርን፣ የሞንኽንና የዩንግፍራውን የበረዶ ውኃ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ያወርዳሉ፣ ዝናብ ቢጥል ይብስባቸዋል። ሊፍቱ ወደ መሃል ያደርሳችኋል፤ መጀመሪያ ወደ ላይ እስከ አሥረኛው በደረጃ ወጥታችሁ ከዚያ ቁልቁል በእግር ውረዱ። ደረጃው ያንሸራትታል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ከ4 ዓመት በታች ሕፃን አያስገቡም፤ ክፍት የሚሆነውም ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። 297 ሜትር የሚወርደው የሽታውብባኽ ፏፏቴ ደግሞ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ የሱ ናት።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር። «አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አይነካውም» የሚባለው ሮተርዳም ዓመታት ለኖረ ሰው አይሠራም፤ ሰውነት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በወራት ውስጥ ይረሳዋል። ደግሞም አዲስ አበባ ከዩንግፍራውዮኽ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከሸለቆው እዚያ የምትደርሱት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ደረጃውን ቀስ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ቀጣዩን ባቡር ይዛችሁ ውረዱ። ቅዝቃዜው በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ታች 25 ከሆነ ላይ ከ8 ወይም 9 አያልፍም፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። የፀሐይ መነጽር የግድ ነው፤ በረዶው ዓይን ያቃጥላል።

ስዊዘርላንድ ሼንገን ውስጥ ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ የጀርመን ወይም የጣሊያን ሲም ካርዳችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ እዚያ የለም። ድንበር ሳትሻገሩ ካርታውንና ቲኬቱን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ዳታውን ዝጉ። የጀርመኑ ወፍራም ክብ ሶኬት እዚያ ግድግዳ ውስጥ አይገባም፤ ቀጭኑ ባለ ሁለት እግር ይገባል፣ ስለዚህ ለላፕቶፕ የሶኬት ማስተላለፊያ (አዳፕተር) ያዙ። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ቋንጣና ቅቤ ሻንጣ ውስጥ ካለ ቤት ይቅር፤ ከኢትዮጵያ የመጣ የእንስሳት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ምግቡን ኢንተርላከን ኦስት ፊት ለፊት ካለው ኮፕ ሱፐርማርኬት ግዙ፤ ተራራው ላይ ያለው ዋጋ ያስደነግጣል። ረቡዕና አርብ የምትጾሙ፣ ሮሽቲ ድንች ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። ሽምብራ ፍትፍት የሚመስለው ሁሙስ፣ ዳቦና ቲማቲም ይበቃል። የመንደር ምንጭ ውኃ ይጠጣል፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

የመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። በረራው ከዙሪክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሆነ፣ 10 ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ከኢንተርላከን ኦስት 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከላውተርብሩነን ደግሞ 7 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ። ሻንጣውን ጠዋት ጣቢያው ሎከር ውስጥ አስቀምጡና ሽታውብባኽን ለዚህ ቀን አቆዩት። ሙረንን መልሶ ለማየት መሞከር ግን አይሆንም፤ አንድ ኬብል ካር ካመለጠ ሰንሰለቱ በሙሉ ይበጠሳል።